ለልጄ፣ ለታሪክ መምህሯ

መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዘንድሮው ብርድ ግን አይጣል ነው።

በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ዘንድሮ ታሪክ ሊማር የመጣው ተማሪ አንድ ክፍል እንኳ አልሞላም፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ጋር ሊያዋህዱን ነው አልሽኝ። «አባዬ፣ ባንክ ልግባ ይሆን?» ያልሽው ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ ከናንተ አቅም በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ብቻ ወደ ሌላው ይሂድ የሚለው ፖሊሲ ስንት ዓመት ተሠራበት። ከ30ውም ቢሆን ጎበዙ ሕግና አካውንቲንግ ይመርጣል። ታሪክ «የደረሰው» ልጅ አልቅሶ ነው የሚገባው። ሳይወድ የተመደበ ምን ይማራል? በዚያ ላይ የ12ኛ ክፍሉ ፈተና መጣ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሲፈተን፣ በተፈጥሮ ሳይንስ 6.8 በመቶ ያህሉ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጣ። በማኅበራዊ ሳይንስ 1.3 በመቶ ብቻ! «ማኅበራዊ ሽምደዳ ነው፣ ቀላል ነው» ሲሉ የኖሩት ምን እንዳሉ እንጃ።

ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን እዚህ ሆኜ የማየውን ልንገርሽ።

ከዩኒቨርሲቲ ልጆች ይመጣሉ። ሽማግሌ ያስቀምጣሉ፣ በሞባይል ይቀዳሉ፣ መጠይቅ ያስሞላሉ፣ «ለጥናት ነው» ይላሉ። ከዚያ በቃ፣ ሄዱ ነው። በቀደም አንድ ጎረቤታችን ከቅዳሴ ስንወጣ «እነዚያ የቀዱኝ ልጆች ምን ብለው ጻፉ?» ሲሉ ያዙኝ። ምን ልበላቸው? እሳቸው ግማሽ ቀን ሥራ ፈትተው ነው ያወሩላቸው። ጠላም አቅርበው ነበር።

የጓሳን፣ የዚያን የመንዝ ሣር ምድራችንን፣ ነገር ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የሁለቱ የጥንት አባቶች፣ የአስቦና የጌራ፣ ልጆች ሣሩን ለዓመታት ከልለው፣ ክፈቱ ሲባል ብቻ ነበር የሚያጭዱት። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ያ ሥርዓት ፈረሰ። ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ሆኖ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ዛሬ ስለ ጭላዳውና ስለ ቀይ ቀበሮው የሚያጠና አላጣንም። በድሮው ሥርዓት ማን ባለመብት ነበር፣ ማን ውጭ ቀረ፣ ሲፈርስስ ማን ተጠቀመ? ይሄን ዛሬም ሰው በወሰን ክርክር ላይ ይጠይቀዋል። መልሱ ያለው አንቺን በመሰለ ሰው እጅ ነው።

ሌላም አለ። የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች እዚሁ መንዝ የጥንት መቃብር ጉብታዎችን ቆፍረው «የሻይ ባህል» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ የሚጠጣው ሻይ አይደለም፣ የወንዝ ስም ነው። እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እዚህ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ጉብታው ላይ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ግን ከማን ይስማ?

እናንተ በየስብሰባው «ማኅበራዊ ሳይንስ ለአገር ይጠቅማል» ስትሉ ትውላላችሁ። አይገርምሽም? ለማን እንደምትናገሩት አይገባኝም። የበጀት ሹሙ ይሄን ሰምቶ ልቡ አይራራም። ታሪኩን ያወራላችሁ ሕዝብ የጻፋችሁትን ቢያነብ ግን «የኛ ዲፓርትመንት» ብሎ የሚከራከርላችሁ ሰው ታገኙ ነበር። አበል የለም፣ መንገዱም አያስተማምንም እንደምትይኝ አውቃለሁ። ልክ ነሽ። እኔ ግን የምለው ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ስላለው ነው። እሱ አበል አይጠይቅም።

ባንክ ብትገቢም አልቀየምሽም። የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ በልቼው አውቀዋለሁ። ብቻ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። ስለ ጓሳ የጻፍሽውን የማስተርስ ጽሑፍ በአማርኛ አሳጥረሽ ጻፊው፣ ሃያ ገጽ ቢሆን ይበቃል። የኮፒውንና የጥረዛውን እኔ እችላለሁ። አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለወረዳው፣ አንዱን ለጎረቤታችን እሰጣለሁ። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል፣ የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ፊደሉን ግን ተለቅ አድርጊው።

አባትሽ