መድኑ ለነርሷ ይከፍላል፤ ለአስታማሚዋስ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ቤት ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ የመንግሥት የጤና መድን ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መከራከሪያ ሕመምተኛው ሆስፒታል ከሚተኛ በቤቱ ቢታከም ወጪ ይቀንሳል የሚል ነው። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከሆስፒታሉ ሂሳብ ላይ የተቀነሰው ወጪ አይጠፋም፤ የሚበዛው ወደ ቤተሰቡ ጉልበትና ገቢ ይዛወራል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የመድን ሽፋን ሲነደፍ ይህ በማንም መዝገብ የማይሰፍር ሂሳብ ከመጀመሪያው እንዲታሰብበት ለመጠየቅ ነው።

በስትሮክ ምክንያት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያስታመመ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ነርሷ መጥታ ቁስሉን ታጥባለች፣ ፋሻውን ትቀይራለች፣ የሽንት ቱቦውን ትመለከታለች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ትሄዳለች። የቀረው ቀንና ሌሊት የአስታማሚዋ ነው፦ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበት በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ትን እንዳይለው ቀና አድርጎ ማብላት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ገላውን ማጠብ፣ ሌሊት ልነሳ ሲል እንዳይወድቅ አብሮ መንቃት። እነዚህ ሥራዎች የሙያ ፈቃድ ስለማይጠይቁ ብዙ የመድን ደንቦች ከሕክምና አይቆጥሯቸውም። ሆኖም ከመካከላቸው አንዱ ሲጓደል ሕመምተኛው በቁስል፣ በሳንባ ምች ወይም በአጥንት ስብራት ተመልሶ ሆስፒታል ይገባል፤ መድኑም ያን ጊዜ ይከፍላል። ጉዳቱን በትንሽ ወጪ መከላከል ሲቻል ከደረሰ በኋላ በብዙ ወጪ ማከም ተገቢ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም።

በዋናነት አረጋውያንን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። ከቤት መውጣት የሚያዳግተው ሰው በሐኪም ትእዛዝ ነርስ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አልፎ አልፎ ቤቱ ድረስ ሲመጣለት ሜዲኬር ወጪውን ይሸፍናል፤ ለጉብኝቱም ሕመምተኛው ከኪሱ አይጠየቅም። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሙሉ 24 ሰዓት ለሚሰጥ እንክብካቤ፣ እንዲሁም የሚያስፈልገው የመታጠብ፣ የመልበስና የመብላት እገዛ ብቻ ለሆነ ሰው አይከፍልም። ከዚህም አልፎ የመሻሻል ተስፋ የላቸውም የተባሉ ሕመምተኞች ሽፋን ሲከለከሉ ኖረዋል፤ ሽፋኑ በመሻሻል ተስፋ ላይ እንደማይወሰን በግልጽ የተቀመጠው እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ነው። አይድንም የተባለ ሰው እኮ ከማንም ይበልጥ እንክብካቤ ያስፈልገዋል።

ጀርመን ሌላ መንገድ ተከትላለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ከጤና መድኑ ጎን ለጎን አስገዳጅ የእንክብካቤ መድን አቋቁማ፣ ተጠቃሚው ባለሙያ ቤቱ እንዲላክለት፣ ወይም ቤተሰብ ሲያስታምመው ገንዘብ እንዲከፈለው፣ አለዚያም ሁለቱን አጣምሮ እንዲወስድ ፈቀደች። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ግን ሌላውን ድንጋጌ ነው፦ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟላ የጡረታ መዋጮው በመድኑ ይከፈልለታል። እናቷን ለማስታመም የሥራ ሰዓቷን የቀነሰች ልጅ በራሷ እርጅና ባዶ እጇን እንዳትቀር ታስቦላታል ማለት ነው።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 የራሷን የእንክብካቤ መድን ስትጀምር ለቤተሰብ ገንዘብ በመክፈሉ ነጥብ ከጀርመን ተለየች። መዋጮው ከ40 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ይከፈላል፤ ተጠቃሚው እንደ ገቢው ከወጪው 10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍናል፤ የሚሰጠው ግን አገልግሎት እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሕጉ ሲዘጋጅ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ መክፈል ሴቶችን፣ በተለይም ምራቶችን፣ በአስታማሚነት አስሮ ያስቀራል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ ዞር የሚል መድን ሸክሙን ከአስታማሚዋ ትከሻ አያወርድም። ቢሆንም ምንም ሳይከፈላቸው የሚያስታምሙት ዛሬም እነዚያው ሴቶች ስለሆኑ፣ ምርጫው ለሕመምተኛውና ለቤተሰቡ ቢተው ይሻላል እላለሁ፤ ገንዘቡን የመረጠ ቤተሰብም ከባለሙያ ጉብኝት መቆረጥ የለበትም። በጀርመን ገንዘቡን ብቻ የሚወስዱ ተጠቃሚዎች በየተወሰነ ጊዜ የምክር ጉብኝት እንዲደረግላቸው ይገደዳሉ። ይህም ገንዘቡ ለታለመለት ዓላማ መዋሉን ማን ያረጋግጣል ለሚሉ ወገኖች በቂ መልስ ይመስለኛል።

የመድን ደንብ ለሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ የተለየ ጥያቄ አለኝ። የሕመምተኛው የእንክብካቤ ፍላጎት ሲገመገም የአስታማሚዋም ሁኔታ አብሮ ይገምገም፦ ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለች፣ የምታነሳውን ሰው ክብደት ወገቧ ይችለዋል ወይ፣ እሷ ስትታመም ማን ይተካታል? መልሱ «ማንም» ከሆነ፣ ምትክ አስታማሚ ማቅረብ ከሽፋኑ አንዱ ክፍል ተደርጎ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ