ከደሴ ለዱባይዋ እህቴ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ማር፣

እንዴት ነሽልኝ? ዝምታዬ እንደበዛ አውቃለሁ። ይቅር በዪኝ። ሰበብ አልደረድርልሽም። ስትመጪ በአቦሉ ትወቅሺኛለሽ፣ በበረካው ትታረቂኛለሽ። እናትሽን ሰኞ ገበያ አግኝቻት ነበር፤ ደህና ናት። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ግን ዘንድሮም ከጊሸን አልቀርም ብላለች። አንቺ ዳገቱ ግማሽ ላይ ቁጭ ብለሽ «ደረስን?» እያልሽ ስታስቸግሪያት የነበረውን አነሳችና ሳቅ በሳቅ ሆንን። አሁንም ደረጃ ስትወጪ እንደዚያው ነሽ አይደል?

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የትንሿ እህቴ ነገር ነው። ያቺ አንቺ አዝለሽ ያሳደግሻት።

ሻርጃ ናት፣ ከናንተ ከዱባይ አጠገብ። ባለፈው ዓመት በቪዚት ቪዛ ሄደች። የላካት ሰው «እዚያ ስትደርስ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየርላታል» ብሎ ነበር። አልተቀየረም። ቪዛው ካለቀ ወራት አልፈዋል። ከቤት ቤት እየዞረች ታጸዳለች። ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። በቅርቡ ደውላ «እህቴ፣ ሀገሬ መግባት እፈልጋለሁ» አለችኝ። ወላሂ በደስታ አለቀስኩ። እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ መግባት መፈለግና መውጣት መቻል ለየቅል ሆኑብን።

እሷ የምትለው «ቅጣቱን ሠርቼ ልሰብስብና ከፍዬ ልውጣ» ነው። ጨዋነቷ ነው። ግን ቁጭ ብለሽ አስቢው። ቪዛው ካለቀ በኋላ ለተቆየበት ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው። በወር 1,500 ይመጣል። ዓመት ሙሉ ከቆየች 18,250 ድርሃም። እሷ በወር 1,500 አታገኝም! ከምታገኘውም የአልጋ ኪራይና ምግብ አለ። ስለዚህ ቅጣቱን ለመክፈል ብላ በሠራች ቁጥር ዕዳው ጥሏት ይሄዳል። ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ በስልክ እንደተከራከርን! በመጨረሻ ዝም ትለኛለች። ዝም ስትል ደግሞ ይብሳል።

አብረዋት የሚኖሩት ልጆች ሌላ ነገር ይነግሯታል። «ምሕረት ይመጣል፣ ጠብቂ» ይሏታል። የባለፈው ምሕረት ትዝ ይልሻል፤ አንቺ ራስሽ የሰፈራችንን ልጅ ይዘሽ የተሰለፍሽበት። ለሁለት ወር ተብሎ ተጀመረ፣ ሁለት ወር ተጨመረ፣ ታህሳስ 22 ቀን 2017 አበቃ። ያኔ የወጣ ሰው ቅጣት አልከፈለም፣ ተመልሶ እንዳይገባም አልታገደም። እህቴ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ምሕረት መቼ እንደሚመጣ የነገራት የለም። የሚጠበቅበት ቀን ሁሉ 50 ድርሃም ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ደላላው ነው። እዚሁ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው ወንድሜን አግኝቶ «ስሟን ከሲስተም የሚያጠፋልኝ ሰው አለ» ብሎታል። ሌላም አለው። አሁን ሸኝተናት፣ ኋላ በሌላ ስም ፓስፖርት አውጥተን እንመልሳታለን ይላል። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እዚያ ሀገር የሚታየው ስም ብቻ አይደለም፤ የዓይን አሻራም ይነሳል። ስም ሊቀየር ይችላል፣ ዓይን ግን ያው የእሷ ነው። ወንድሜ ግን ጨንቆት ባጃጁን ሊሸጥ ደርሷል። የቤታችን እንጀራ እሷ ባጃጅ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ለምኜ ነው ያስቆምኩት። «የምታውቅ ሰው አለችኝ፣ እሷን ልጠይቅ» አልኩት። አንቺን ማለቴ ነው።

እናቴ እስካሁን አታውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሁልጊዜ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ ይደረጋል፣ እናቴም «ሥራዋን አላህ ያቃናላት» ትላለች። እኔ ጎንበስ ብዬ ስኒ አጥባለሁ። ልጅቷም የምታፍረው ለዚህ ነው። «ባዶ እጄን ገብቼ ሰው ምን ይለኛል» ትላለች። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ። ልጇ በሩን ገፍታ ብትገባ እጇን የሚያይ ዓይን የላትም። አንቺም ንገሪልኝ፤ ካንቺ አፍ ስትሰማ ሌላ ነው።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህ ነው፣ እሺ በዪኝ። መጀመሪያ ፓስፖርቷ። አልጋ ያከራየቻት ሴት ናት የያዘችባት። በዚያው በናንተ ሀገር ሕግ የሰው ፓስፖርት ይዞ ማስቀረት ክልክል ነው። አንቺ አብረሻት ብትሄጂ ሴትዮዋ ትሰጣለች ብዬ ተስፋ አለኝ። ጠፋ ካለች ለፖሊስ አመልክታ፣ ዱባይ ያለው ቆንስላችን ሄዳ ሊሴ ፓሴ፣ ያው በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠውን የጉዞ ወረቀት፣ መጠየቅ ነው። ከዚያ ቪዛው ከዱባይ ነው የወጣው ወይስ ከሌላ ኢምሬት የሚለውን እዪልኝ፤ የሚኬድበት ቢሮ በዚህ ይለያያል። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ቪዛውን ያወጣላት ድርጅት «ጠፍታለች» ብሎ አመልክቶባት እንደሆነ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይጣራ። ይህ ሳይጣራ ኤርፖርት ብትሄድ ከበሩ ልትመለስ ትችላለች። ቅጣት እንዲቀነስ ማመልከቻ ማስገባትም አለ። ውሳኔው የነሱ ነው፣ ግን ሳትጠይቅ አትቅር።

ብሩን በተመለከተ... እንዴት ብዬ ልጻፈው። ካንቺ ብር ፈልጌ አይደለም የጻፍኩት፣ ይህን እወቂልኝ። ዕቁቤን ቀድሞ እንዲሰጠኝ ሰብሳቢውን ለምኜ እሺ ብሎኛል። ወንድሜም ከጓደኞቹ ተበድሯል። ባጃጁ ግን አይሸጥም። ምናልባት ትንሽ ቢጎድል፣ ለጊዜው ብቻ፣ እስከምንልክልሽ ድረስ... ካልሆነም አይክፋሽ። እኔም አይከፋኝም። አብሮ የሚሄድላት ሰው ማግኘቷ ራሱ ለኔ ብዙ ነው።

ስልኳን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ዝግ ነው፣ አርብም ግማሽ ቀን ነው አሉ። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ፈቃድ ብትጠይቂልኝ ውለታሽን አልረሳም። ከማንኛውም ቢሮ በፊት ግን ምግብ አብያት፤ በስልክ ሳያት ከስታለች። ለደላላው ምንም እንዳትከፍል፣ አንድ ድርሃም እንኳ፣ ዓይኗን እያየሽ አስምያት። ለኔ ከምትምለው ይልቅ ላንቺ የምትምለውን ትጠብቃለች፤ ድሮም እንደዚያው ናት።

መልስሽን እጠብቃለሁ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ፣ አነሳለሁ።

የስሂን ትምህርት ቤቷ ጓደኛሽ