ከነዋሪው ጋር ቤት የሚሠራ አርክቴክት በሠራበት ጊዜ ልክ ይከፈለው

ለቤት ልማት መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ነዋሪዎች ራሳቸው በሚመሩት የቤት ግንባታ የሚሠሩ አርክቴክቶችን የክፍያ ደንብ ስለማሻሻል

ክቡር ኃላፊ፣

መሬቱን፣ ገንዘቡንና ፕላኑን ነዋሪው ራሱ በሚወስንበት የቤት ግንባታ መሥራት የሚፈልጉ ወጣት አርክቴክቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ ግን ሳይቆዩ ይተዉታል። የሚያስተዋቸው የፍላጎት ማነስ ሳይሆን የክፍያ ደንቡ ነው ብለን እናምናለን። ደንቡን ማሻሻል ደግሞ በእርስዎ ሥልጣን ሥር ነው።

በተለመደው ውል የአርክቴክቱ ክፍያ ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ ይሰላል። በዚህ ስሌት ከቤተሰቦቹ ጋር ተማክሮ ወጪውን በሩብ የቀነሰ ባለሙያ የራሱንም ክፍያ በሩብ ቀነሰ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚለቀቀውም መነሻ ንድፍ፣ የሥራ ንድፍና የጨረታ ሰነድ ሲያስረክብ ብቻ ነው። ከባዱ ሥራ ግን ያለው ከመጀመሪያው ንድፍ በፊት ነው።

ሥራው የሚጀምረው በቆጠራ ነው። ነዋሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደሚኖር፣ ማን ተከራይ እንደሆነ፣ ማን ምን ያህል መቆጠብ እንደሚችል ይመዘግባሉ። እዚህ ላይ በብዛት የሚበላሸው የተከራዮች ጉዳይ ነው። ስብሰባ የሚመጣው የቤቱ ባለቤት ስለሆነ ተከራዩ ከመዝገቡ ይቀራል፤ ግንባታው ሲጀመር መሄጃ አጥቶ አቤቱታ ያቀርባል፣ ሥራውም ይቆማል። ከቆጠራው በኋላ ነዋሪው በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ቤተሰብ ተከፋፍሎ መምከር አለበት፤ መቶ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸውና። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ በምሽትና በዕረፍት ቀን ነው።

ፕላኑም ወረቀት ላይ ከመጽደቁ በፊት መሬት ላይ በገመድና በኖራ በሙሉ ልኩ ይሠመር። አልጋውና ምድጃው በቦታቸው ይቀመጡ። በወረቀት ላይ ሰፊ የመሰለ ክፍል በሩ ሲከፈት ከአልጋው ጋር እንደሚጋጭ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ኖራውን በእግር ጠርጎ እንደገና ማስመር ምንም ወጪ የለውም፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ያለው ምርጫ ማፍረስ ነው።

ከርክክብ በኋላ ያለው ጊዜም ከክፍያ ውጭ ሆኗል። ቺሊ ውስጥ በኢኪኬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 በተሠራው የኪንታ ሞንሮይ ሰፈር፣ የአርክቴክቱ የአሌሃንድሮ አራቬና ቡድን ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠው 7,500 ዶላር መሬቱን ጨምሮ ለሙሉ ቤት እንደማይበቃ ስላወቀ፣ ቤተሰቡ ብቻውን ለመሥራት የሚከብደውን ክፍል ሠርቶ ቀሪውን ለነዋሪው ተወለት። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው። ይህን የሚኮርጁ ፕሮጀክቶች የሚሳሳቱት አርክቴክቱን በርክክቡ ዕለት ሲያሰናብቱ ነው። ለወደፊት ማስፋፊያ የተተወው ብረት ሳይሸፈን ከርሞ ይዝጋል። ሁለተኛው ፎቅ ሸክም እንዲችል ባልተሠራ የክፍል መለያ ግድግዳ ላይ ይጫናል። በጉልበት የሚረዳዱ ቤተሰቦች ድብልቁ እንዲቀላቸው ውኃ ያበዛሉ፤ ኮንክሪቱም ጥንካሬውን ያጣል። ይህን ሁሉ በቦታው የሚገኝ አንድ ባለሙያ በቀላሉ ያስቀረዋል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ኡራጓይ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣችው የቤት ሕግ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቴክኒክ ድጋፍ የሚሰጡ ተቋማትን በሕግ አውቃለች። በእነሱ ሥር አርክቴክቱ ከማኅበራዊ፣ ከሕግና ከሒሳብ ባለሙያዎች ጋር ማኅበሩን ይደግፋል።

ስለዚህ የአርክቴክቱ ክፍያ ከግንባታው ዋጋ ተላቆ ከቆጠራው ዕለት ጀምሮ በሠራበት ጊዜ እንዲሰላ፣ የምሽቱና የዕረፍት ቀኑ ስብሰባም እንዲታሰብለት እንጠይቃለን። ከጠቅላላ ክፍያው የተወሰነው ድርሻ ተይዞ ከርክክብ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ለሚደረግ ክትትል ይከፈል። በጨረታ ወቅትም የሥራ ልምድ በካሬ ሜትርና በገንዘብ መጠን ብቻ አይመዘን፤ አብሯቸው የሠራቸው ቤተሰቦች ብዛትና አንድ ሰፈር ውስጥ የቆየበት ጊዜም ነጥብ ይሰጣቸው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ መፈጸም ቢከብድ በመጀመሪያው ይጀመር፤ እሱን በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በሚፈረሙ ጥቂት ውሎች ላይ መሞከር ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በነዋሪዎች መር የቤት ግንባታ የተሰማራን አርክቴክቶችና መሐንዲሶች