ለኤሌትሪሺያኑ ወንድማችንና ለጀሞ ጎረቤቶቻችን፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ይህን የምጽፈው በእናቴ፣ በወንድሞቼና በራሴ ስም ነው። ዋናው ተመስጋኝ ስሙንም ስልኩንም እንዳላወጣ ስለለመነኝ በሥራው ብቻ ልጥራው፦ ላንቻ አካባቢ የሚሠራው የመኪና ኤሌትሪሺያን። የሚያውቁት ያውቁታል።

እናቴ የኩላሊት እጥበት ታካሚ ናት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ፣ ገና ሳይነጋ ከቤት እንወጣለን። አንድ ቀን ከታለፈ ውሃው ሰውነቷ ውስጥ ይጠራቀማል፣ እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ያለችን ደግሞ አንዲት የ2003 ስሪት ቪትዝ ናት። ከክረምቱ ወዲህ ይቺ መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ጠቅ ብላ ዝም ማለት አመጣች። እናቴ ጋቢና ውስጥ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣ፣ እኛ ውጭ በጨለማ የሚገፋ ሰው ስንፈልግ የነበረውን ጭንቀት በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ኮፈኑን ከፍተው አዩና «ዲናሞ ነው» አሉ፣ ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ማለታቸው ነው። ዲናሞ ተገዛ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ሆነች፣ ከዚያ ያው። ቀጥሎ «ባትሪው ነው» ተባልን፣ ባትሪም ገዛን። አዲሱ ባትሪም ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ ቆማ ከዋለች በኋላ ሰኞ ጠዋት ዝም አለ። በዚህ ሁሉ መሃል ቴስተር (የኮረንት መለኪያ) አውጥቶ የለካ አንድ ሰው አልነበረም። ይሄ አሁንም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ብሩ ከመድኃኒት ላይ የተቀነሰ ነበር።

ኤሌትሪሺያኑ ግን ምንም ግዙ አላለንም። ጀሞ ድረስ መጥቶ መጀመሪያ ባትሪውን ለካ። ቻርጁ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ የኛ ከ12 በታች ወርዷል። በኬብል አስነሳና እየሠራች ሲለካ ከ14 አለፈ። «ዲናሞው በደንብ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሌሊት ባትሪውን የሚበላ ነገር አለ» አለ።

ከዚያ ያደረገውን ቆሜ አይቻለሁ። ሞተሩን አጥፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታና ቴስተሩን በመሃል አስገባ። መኪናዋ በሯ የተዘጋ እንዲመስላት ፍሬሙ ላይ ያለችውን የመብራት ቁልፍ ተጭኖ በፕላስተር አሰራት። ቴስተሩ በዚህ መልክ እያለ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር አስጠነቀቀን፣ ሞተሩን የሚያስነሳው የሞተሪኖው ኃይል ቴስተሩን ያቃጥለዋልና። ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ጠበቀ። ንባቡ 0.4 አምፔር ላይ ቆመ። ጤነኛ መኪና ቆማ የምትወስደው ከ0.05 አይበልጥም አለን። 0.4 ሲሰሙት ምንም አይመስልም፣ ግን ከአርብ ቀትር እስከ ሰኞ ንጋት ሲቆጠር ባለ 45 አምፔር-ሰዓት ባትሪን ከግማሽ በላይ ይጨርሰዋል።

ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ቴስተሩን ያያል። ሰማያዊዋ ባለ 15 ስትነቀል ቁጥሩ ወደ 0.03 ወረደ። መስመሩን ተከትሎ ከዳሽቦርዱ ስር ገባና እጄን ይዞ አንድ ጥቁር ሳጥን አስነካኝ። ሞቅ ይላል! እኛ ሳንገዛት በፊት የተገጠመ አላርም ነው። መጮህ ካቆመ ቆይቷል፣ ውስጡ ያሉት ሪሌዎች (በኮረንት የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ግን ሌሊቱን ሙሉ ኮረንት ይዘው ያድራሉ። ሽቦው የተቀጠለው እንዲሁ ተጠምዝዞ በፕላስተር ነበር። ሳጥኑን አወጣው፣ መስመሩን በሥርዓት መለሰው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳብ ተቀብሎ ይሄዳል። እሱ «ጠቅ ማለቷ በዚህ ብቻ አይመስለኝም» ብሎ ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ቮልት ለካ። ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ የሌለበት ከአንድ ቮልት በላይ ሆነ። የማሳው ገመድ፣ ማለትም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፣ ግማሹ ተበጥሷል። ወንድሜን ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላከው፣ የመጣውን ገመድ ማሰሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አሰረው። ያን ሁሉ ወጪ ካወጣን በኋላ በሽታዋ የማይረባ አላርምና አንድ ገመድ ሆኖ ተገኘ።

የጉልበቱን ሲጠየቅ «እማማ ይመርቁኝ፣ ይበቃኛል» ብሎ አሻፈረኝ አለ። እናቴ መርቃም በግድ ኪሱ ከተተችለት።

ከዚያ ወዲህ ቪትዟ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። እናቴም የእጥበት ቀኗ አልተስተጓጎለም፣ ተመስገን።

የብሎካችን ጥበቃዎች፣ በዚያ ብርድ ፎጣችሁን ጥላችሁ የገፋችሁልን፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። አራተኛ ፎቅ ያለሽው እህታችን፣ ልጆችሽን ለትምህርት ቤት ሳታዘጋጂ በራስሽ መኪና እናቴን ያደረስሽልን፣ ውለታሽን አንረሳም። ስሙን ያልጠየቅንህ የታክሲ ሹፌር፣ መንገድ ዳር አቁመህ ኬብል አውጥተህ አስነስተህልን ብር አልቀበልም ብለህ የሄድከው፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ እባክህ ድምፅህን አሰማን።

አንተም ኤሌትሪሺያኑ ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ። ቅዳሜ እጥበት የላትም፣ እናቴ ቡና ታፈላለች። እንዳትቀር ብላሃለች።