ካልፒስ ወይስ ካልፒኮ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ምርት ስሞች ያወጣችሁትን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ትውልደ ጃፓን አሜሪካዊት ናት፤ የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ጋርዲና ነው። ልጆቹ «ባቻን» የሚሏቸው አማቴ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው የሚሰጧቸው ነጭ፣ ጣፋጭ፣ ኮምጠጥ ያለ የወተት መጠጥ አለ። ጃፓን ውስጥ ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሙ ካልፒስ ነው። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን «የላም ሽንት» ይመስላል! እዚህ ካልፒኮ ተብሎ የሚሸጠው ለዚህ ነው። አማቴ ግን ወይ ፍንክች፤ ካልፒስ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ያውም ጮክ ብለው። የስምንት ዓመቱ ልጃችን ጓደኞቹ ሲመጡ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ከወተቱ ጀርባ ይደብቃል። ስሙ ላይ «ስዌት»፣ ማለትም በእንግሊዝኛ «ላብ» የሚል ቃል ያለበትን ሌላውን የጃፓን መጠጥ፣ ፖካሪ ስዌትን ግን ፊታቸው ይጋተዋል። ይሄ ምን የሚሉት ይሉኝታ ነው?

አንባቢያችሁ፣ ከጋርዲና