መጠራጠር ብቻውን አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

ተማሪዎች ሁሉን ነገር እንዲጠራጠሩ የሚመክረውን ጽሑፋችሁን አንብቤ በግማሹ ብቻ ተስማማሁ። የሌላውን ወሬ የሚጠራጠርማ እዚህ ሐዋሳ በየባጃጁ ሞልቷል። ከባዱ የራስን ግምት መፈተን ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች 2፣ 4፣ 6 ሰጥቶ ከቁጥሮቹ ጀርባ ያለውን ደንብ እንዲያገኙ ጠየቀ፤ የራሳቸውን ሦስት ቁጥሮች ሲያቀርቡም ከደንቡ ጋር መስማማት አለመስማማታቸውን ይነግራቸው ነበር። ብዙዎቹ «በ2 ይጨምራል» ብለው ገመቱና 8፣ 10፣ 12 ዓይነቱን ብቻ ሞከሩ። ደንቡ ግን እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች ነበር። አንዴ 1፣ 2፣ 3 ብሎ መሞከር ግምቱን ያፈርሰው ነበር። ተማሪዎቼም እዚያው ወደቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ወድቄያለሁ።

ስለዚህ በየትምህርቱ ፈተና «መልስህ ስህተት መሆኑን ምን ያሳይሃል?» የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ፤ ሁለት ነጥብም ይያዝለት።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከሐዋሳ