ትንሽ ስፖርት መኪና ለጎጃም መንገድ፤ የሚያውቃት መካኒክ አለ ወይ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው እትማችሁ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። ትንሽ ስፖርት መኪና መግዛት እፈልጋለሁ፣ ለብዙ ዓመት ሳታስቸግረኝ የምታገለግለኝ የትኛዋ ናት የሚል። የተሰጠው መልስ ግን አልተመቸኝም። መላሹ የውጭ አገር ደረጃ ይዞ አንደኛ ይቺ፣ ሁለተኛ ያቺ ብሎ ጨረሰው። እንዴ! ያ ደረጃ የወጣው እኮ መለዋወጫ ዛሬ ታዞ ነገ በር ላይ በሚደርስበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ሌላ ነው። መኪና መቼም ይበላሻል፣ የማይበላሽ የለም። የኔ ጥያቄ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ቀጥ ስትል ኮፈኗን ከፍቶ «ይቺንማ አውቃታለሁ» የሚል መካኒክ ታገኛለህ ወይ ነው። እኔ መኪና የምመዝነው በዚህ ነው፣ ስፖርት መኪና ሲሆን ደግሞ የበለጠ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንግባባ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎበት ስለነበር በሩ ግማሹ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ ምርጫህ አገር ውስጥ ካሉት ነው፣ ያውም ሁለትና ሦስት ባለቤት ካዩት። ኤሌክትሪክ ግዛ የሚሉህም አይጠፉም። ለከተማ ክፉ አይደለም፣ ግን መብራት እየጠፋ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በሱ እንድትመላለስ እኔ አልመክርህም።

አሁን ወደ ልብ ጉዳይ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ታውቃለህ? ያቺ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው፣ ጣሪያዋ የሚገለጠው። እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥታ እስከ ዛሬ ትሠራለች፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመርታለች። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው፣ የምትነዳው በኋላ ጎማ ነው፣ ቱርቦ የላትም፣ ሞተሯ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የታይሚንግ ቺንጊያው (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ) ቢበጠስ እንኳ ፒስተኑ ቫልቩን አይመታውም፣ አዲስ ቺንጊያ አስረህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እሷን ግዛ ብዬ ደብዳቤውን እዚሁ እጨርሰው ነበር። ግን እንጅባራ ክረምት ላይ ዝናቡ እንዴት እንደሚወርድ አንተም ታውቃለህ። የጨርቁ ጣሪያ ውሃ የሚያፈስባቸው ቀዳዳዎች አሉት። እነሱ በአቧራና በቅጠል ሲደፈኑ ውሃው በሩ ሥር ያለው ብረት ውስጥ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ዝገቱን የምታየው ሲበሳው ነው። ጨርቁ ሲቀደድስ ማን ይሰፋዋል? ደግሞ ዳንግላ ዘመድ ልትጠይቅ ሄደህ እናትህ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሲያሸክሙህ የት ታስቀምጠዋለህ? ጭንህ ላይ?

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ማዝዳ አርኤክስ-8 ቆንጆ ናት፣ ግን ሞተሯ ፒስተን የለውም። ውስጡ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው፣ ሲሠራም ሆን ብሎ ዘይት ያቃጥላል፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት ማተሚያዎች ካለቁ ጉልበት የለም። ይህን ሞተር ከፍቶ የሚገጥም ሰው በጎጃም አላየሁም። ሆንዳ ኤስ2000 እስከ 9,000 ዙር ትጮሃለች፣ ጠንካራም ናት፣ ግን ያ ሞተር ለሷ የተሠራ ነው፣ ዘመድ የለውም። ቶዮታ ኤምአር2 የመጨረሻዋ ሞዴል ሞተሯ የታወቀ ነው፣ ችግሩ ከወንበሩ ጀርባ መሆኑ። የጭስ ማጣሪያዋ ሲያረጅ እየተፈረካከሰ ቅንጣቱ ወደ ሞተሩ ተመልሶ ይገባል፣ ሲሊንደሩንም ይፍቀዋል። ቶዮታ 86 አዲስ ናት፣ ትጣፍጣለች፣ ነገር ግን ሞተሯ የሱባሩ ጠፍጣፋ ሞተር ነው፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ለመቀየር እንኳ እጅህ አይገባም። እ.ኤ.አ. የ2012 እና የ2013 ምርቶቿ የቫልቭ ሞላ ይቀየርላቸው ተብለው በፋብሪካው መጠራታቸውን አትርሳ፣ ተቀይሮላት እንደሆነ እዚህ ማን ያረጋግጥልሃል? ባለ ቱርቦዋን ሚኒ ኩፐርም እ.ኤ.አ. ከ2007 በኋላ ባሉት ላይ የካቴናው (በቺንጊያ ቦታ የሚሠራው ሰንሰለት) መወጠሪያ ስለሚያስቸግር እርሳት።

ታዲያ ምን ቀረ? ቶዮታ ሴሊካ፣ የመጨረሻዋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተሠራችው። መልኳን አትመልከት፣ ከኮፈኗ ሥር ያለው ባለ 1.8 ሞተር የዚያ ዘመን ኮሮላ ላይም የተገጠመው ነው። ዋን-ዚዚ ይሉታል። ኮሮላ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ልነግርህ አያስፈልግም። ፖምፓው፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው)፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ካንዴላው፣ የማያገኘው መካኒክ የለም። የታይሚንግ ቺንጊያም የለውም፣ ካቴና ነው። አራት ሰው ትይዛለች፣ ከኋላ የሚቀመጡት አጫጭር ከሆኑ። ጤፉንም ትይዛለች።

ግን ዐይንህን ጨፍነህ አትግዛ። የመጀመሪያዎቹ ሴሊካዎች፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2002 አካባቢ ያሉት፣ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ። ፒስተኑ ላይ ዘይቱ የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ትንንሽ ስለነበሩ ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር ይቃጠላል። በኋላ ፋብሪካው ፒስተኑን አሻሽሎታል። ስለዚህ ከ2003 በኋላ ያለችውን ፈልግ። ባለ ከፍተኛ ጉልበቷንም፣ ጂቲኤስ የሚሏትን፣ ለሌላ ሰው ተዋት። የሷ ሞተር ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይፈልጋል፣ የኛ ማደያ ደግሞ ያለውን ነው የሚቀዳልህ፣ እሱም ካለ።

ልትሞክራት ስትሄድ ጠዋት ሂድ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ነገ እመለሳለሁ በለው። የዘይቱን መለኪያ አውጥተህ እይ። «ሞተሯ ያልተከፈተ» ሲልህ እሺ በለውና ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ዙሪያ ያሉትን ብሎኖች ተመልከት፣ ቁልፍ የነካው ብሎን ይናገራል። ከተቻለህና መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ፣ በማርሽ ይዘሃት፣ ቤንዚን ሳትረግጥ። ያን ጊዜ ሞተሩ አየር እያጣ በኃይል ስለሚስብ ያለቀ ፋሻና የላላ ቫልቭ ካለ ዘይት እየመጠጠ ይወርዳል። ከዚያ ጃፓኖች የረዱትን ድልድይ ተሻግረህ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ ስትጀምር ቤንዚኑን እርገጥና በመስታወት ወደ ኋላ እይ። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ደመና ሠርቶ ከወጣ ሻጩን አመስግነህ ተመለስ። ዳገቱን ደግሞ እስከ ጫፍ ውጣ። የሙቀት ጠቋሚዋ ካልተንቀሳቀሰች ራዲያተሩ ጤነኛ ነው። ፍሬኑም ቁልቁለቱ ላይ ይለያል፣ እየወረድክ እግርህ ሥር ከለሰለሰብህ ዘይቱ አርጅቷል ማለት ነው።

ስለ ጉልበት ደግሞ። ልጆች ሲከራከሩ እሰማለሁ፣ ይቺ 140 የፈረስ ጉልበት፣ ያቺ 180። ይህ ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። 140 የተባለችው እዚህ 110 ብትሆን ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ስለዚህ በኛ አገር ቀላል መኪና ነው የሚጠቅምህ፣ ብዙ ፈረስ አይደለም። ቱርቦማ የጎደለውን አየር ይሞላዋል፣ ልክ ነው። ግን ያን ሲያደርግ የበለጠ ይሽከረከራል፣ የበለጠ ይግላል፣ ዘይት በሰዓቱ መቀየር አለበት። ከሁለተኛ ወይም ከሦስተኛ እጅ የተገዛ ቱርቦ ላይ ያ ዘይት በሰዓቱ ተቀይሯል ብለህ ታምናለህ? እኔ አላምንም።

አሁን የምር የሚያናድደኝ ነገር ላይ ደረስኩ፣ ውሃ። በኛ አገር ስንት ጥሩ ሞተር የሞተው በቧንቧ ውሃ ነው። ሴሊካን የመሰለች መኪና ሞተሯ አሉሚኒየም ነው፣ የሚያስፈልጋት ኩላንት ነው። ኩላንት ከመፍላትና በረዶ ከመሆን ብቻ አይደለም የሚጠብቃት፣ ከዝገትም ነው። የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ፖምፓው ይበላል፣ ራዲያተሩ በደለል ይደፈናል፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ትፈላለች፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይነዳል። ከዚያ «ስፖርት መኪና አይረባም» ይባላል። ሌላው ቴርሞስታቱን፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረውን፣ አውጥቶ መጣል ነው። «እንዳትሞቅብህ አውጥቼልሃለሁ» ይሉሃል በኩራት። ሞተሩ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ሙቀት ሳይደርስ ይሠራል፣ በተለይ በደብረ ማርቆስ ብርድ። ቤንዚን ይፈጃል፣ ዘይቱ በእርጥበትና በቤንዚን ይበላሻል፣ ሲሊንደሩ ይፋቃል። መኪናዋን በገዛህ በሳምንቱ ቴርሞስታት እንዳላት አስፈትሽ። ከሌላት አዲስ አስገባ፣ የቧንቧውን ውሃ አስደፋ፣ ኩላንት አስሞላ። ይኼን ያደረገ ሰው መካከለኛ መኪና ይዞ ጥሩ መኪና ከያዘው ይበልጣል።

ቤንዚንም እንደዚሁ ነው። ማደያ ሲደርቅ በሃይላንድ የሚሸጠውን ትቀዳለህ፣ ሁላችንም እንቀዳለን። ውስጡ ምን እንዳለ ፈጣሪ ይወቅ። ቢያንስ የቤንዚን ፊልትሯን ከሌላው ሰው ቀድመህ ቀይር፣ ታንከሯንም ባዶ እስክትሆን አትጠብቅ፣ የቤንዚን ፖምፓው የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው።

ሴሊካ ካጣህ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርትን እይ፣ ቱርቦ የሌላትን ባለ 1.6። ሞተሯ ካቴና ነው፣ ግራንድ ቪታራና ኤስኤክስ4 ላይ ያለው ሞተር ወንድም ነው። ፒስተንና ካምሻፍት ላይ ለየት ቢልም ዙሪያው ያለው ዕቃ አብዛኛው ይገኛል። ትንሽ ቤተሰብ ካለህ እንዲያውም ከሴሊካ ትሻልሃለች፣ አምስት በር ያላትም አለች። ቪትዝ አርኤስስ? ሰው ይስቅብሃል፣ እኔ አልስቅም። ባለ 1.5 ሞተሯ ዕቃው በየሱቁ ነው፣ ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ፣ ማንዋል ካምቢዮ ያላት ከተገኘች ከደጀን እስከ ሉማሜ ባለው ሜዳ ላይ ፊትህ ፈገግታ አይጠፋም።

ከጃፓን የመጣች ከሆነች መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረች መሆኗን ጠይቅ። ሥራው በችኮላ ከተሠራ የመሪው ዘንግ ይላላል፣ ሽቦውም ዳሽቦርዱ ውስጥ ይቆራረጣል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ ቦሎዋም ይታይ። ኪሎ ሜትሩን ብዙም አትመነው፣ ማሳነስ ቀላል ነው። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ እይ፣ የመሪውን ቆዳ እይ፣ ወንበሩን እይ። ቁጥሩ ስልሳ ሺህ ሲል ፔዳሉ ራሰ በራ ከሆነ ቁጥሩ ውሸታም ነው። ጎማዋ ስስ ከሆነና ቸርኬዋ 17 ከሆነ ወደ 15 አውርዳት። መልኳ ትንሽ ይቀንሳል። ግን በመንገዳችን ጉድጓድ ስስ ጎማ ይፈነዳል፣ ቸርኬም ይጣመማል። ከፍ ያለ ጎማ ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ ወገብህን ያሳርፍልሃል።

እና ለዚያ ልጅ፣ አዘጋጆቹ ይህን ካተሙልኝ፣ የኔ ምርጫ ከ2003 በኋላ የተሠራች፣ ባለ 1.8 ተራ ሴሊካ፣ ማንዋል ናት። ከአውቶማቲክ ይልቅ ማንዋል ያልኩህ ለደስታው ብቻ አይደለም። ፍሪሲዮን ሲያልቅ የትኛውም ከተማ ይቀየርልሃል፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ግን መኪናዋን በሎቤድ አስጭነህ አዲስ አበባ ነው የምትልከው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ